በአዋጅ ሰላም የሆነች አገር

የብሪታኒያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የሠራውን ሥራ የጥንት ነገሥታቶቻችን ቢያዩት በቅናት ይጨሱ ነበር። እነሱ ነጋሪት አስጎስመው ክተት አሉ፣ ግብር ጣሉ፣ ቢበዛ ገበያ ከማክሰኞ ወደ ቅዳሜ አዛወሩ። ባሕር ማዶ ያለን የሰው አገር “ከዛሬ ጀምሮ ሰላም ነህ” ብሎ ማወጅ ግን ለአንዳቸውም አልታያቸውም። ለንደን አወጀችው። የሩዋንዳ ደህንነት ሕግ የኢሚግሬሽን ሠራተኛም ሆነ ዳኛ፣ ውሳኔ የሚሰጥ ሁሉ፣ ሩዋንዳን ያላንዳች ማወላወል ደህንነቷ የተጠበቀ አገር አድርጎ እንዲቆጥር አዘዘ። “እኔን ለብቻዬ የሚያሰጋኝ ነገር አለ” ለሚል ሰው ጠባብ ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ አገሪቱ በጥቅሉ ደህና ናት ወይ ብሎ መመርመር ግን ለዳኛ ክልክል ሆነ። “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” የሚለው ተረታችን ለካ እንግሊዝ አገር ተሰድዶ ጥገኝነት አግኝቷል።

ነገሩ የተጀመረው በኤፕሪል 2022 ነው። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን እንግሊዝ ቻናልን በጎማ ጀልባ የሚያቋርጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች ወደ ኪጋሊ ተጭነው ጉዳያቸው እዚያው እንደሚታይ፣ ቢቀናቸውም ኑሯቸው እዚያው እንደሚሆን አበሰሩ። በጁን 14 አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት አስቆመው። ኖቬምበር 15 ቀን 2023 ደግሞ የአገሪቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች ዕቅዱ ሕገ ወጥ ነው ብለው በአንድ ድምፅ ፈረዱ። ዳኞቹ ሩዋንዳን አልተሳደቡም፤ መዝገብ ነው ያገላበጡት። ከ2020 እስከ 2022 ድረስ ከአፍጋኒስታን፣ ከሶሪያና ከየመን መጥተው ሩዋንዳን ጥገኝነት የጠየቁ ሰዎች ማመልከቻ መቶ በመቶ ውድቅ ሆኗል። በ2018 የምግብ ራሽን ተቀነሰብን ብለው የተቃወሙ ስደተኞች ላይ ፖሊስ ተኩሶ ከአሥር በላይ ሰው ገድሏል። ራሷ ብሪታኒያም በ2021 መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት መድረክ፣ በሩዋንዳ እስር ቤት ስለሚሞቱ ሰዎች ምርመራ ይደረግ ብላ ነበር። እንዲህ ያለ ፍርድ የወረደበት መንግሥት ዕቅዱን ይቀይራል። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር የሪሺ ሱናክ መንግሥት የቀየረው እውነቱን ነው።

ከሩዋንዳ ጋር አዲስ ውል ተፈረመ፣ ሕግም ተረቀቀ። የሎርዶች ምክር ቤት አባላት “እሺ፣ ግን ውሉ ሥራ ላይ መዋሉ ይታይና ያኔ ደህና ናት እንበል” ብለው ደጋግመው ለመኑ፤ ሰሚ አላገኙም። ውሉ ውስጥ አንዲት ጣፋጭ አንቀጽ ነበረች፦ ብሪታኒያ በሩዋንዳ ከሚኖሩ ስደተኞች እጅግ የተጎዱትን ጥቂቶች ወስዳ ታሰፍራለች የምትል። እንግዲህ ከለንደን ወደ ኪጋሊ የሚላከው ሰው ደህና አገር ስለሚሄድ ነው፤ ከኪጋሊ ወደ ለንደን የሚሄደው ደግሞ... እሱን አንባቢ ይሙላው። ሕጉ ኤፕሪል 22 ሌሊት ፓርላማውን አለፈ። በማግስቱ ማለዳ በሰሜን ፈረንሳይ ጠረፍ ሰው ከታጨቀባት ጀልባ ላይ አምስት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ስደተኛን አስፈራርቶ ያስቀራል የተባለው ሕግ ለሷ አልተነበበላትም መሰል።

ወጪውን የጠየቀ ሰው ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት በፓውንድ ያገኘዋል። በጁላይ 2024 የሌበር ፓርቲ መንግሥት እንደያዘ የያኔዋ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ኢቬት ኩፐር ለፓርላማ ባቀረቡት ሒሳብ፣ ለዕቅዱ 700 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቷል፤ ከዚህ ውስጥ 290 ሚሊዮኑ ለሩዋንዳ የተከፈለ ነው። የተጓዘው ሰው ብዛት? አራት። እነሱም ተገደው አይደለም፤ ለፈቃደኞች የተመደበው እስከ ሦስት ሺሕ ፓውንድ የሚደርስ ድጎማ ያለበትን መንገድ መርጠው ነው የሄዱት። በነፍስ ወከፍ 175 ሚሊዮን መሆኑ ነው፤ በታሪክ እንዲህ የተከበረ መንገደኛ ያለ አይመስለኝም። ኪጋሊ ውስጥ ሆፕ ሆስቴል የተባለው ማረፊያ አልጋው ተነጥፎ ሁለት ዓመት ያህል እንግዳ ሲጠብቅ ኖረ፤ ቀድሞ ከዘር ጭፍጨፋው የተረፉ ወጣቶች ይኖሩበት የነበረ ቤት ነው። በማርች 2023 ኪጋሊን የጎበኙት የያኔዋ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሱዌላ ብራቨርማን ደግሞ ለስደተኞች የታሰቡ አዳዲስ ቤቶችን አይተው የውስጥ ማስዋቡ ቢማርካቸው፣ ባለሙያው ለራሴም ቤት ቢያማክረኝ ብለው ቀለዱ። ስደተኛን ሊያስፈራ የተሠራ ቤት ሚኒስትሯን አስመኛቸው።

“አንድ አገር ድንበሩን የመጠበቅ መብት የለውም ወይ?” የሚል ይኖራል። አለው እንጂ! በጀልባ የመጣው ሰው በ2018 ሦስት መቶ አይሞላም ነበር፤ በ2022 ከ45 ሺሕ አልፏል። ይህን አይቶ የማይጨነቅ መንግሥት መንግሥት አይደለም፣ በጉዳዩ የተቆጣውን መራጭ ሁሉ ዘረኛ ማለትም ስንፍና ነው። ክርክሬ ድንበሩን ይጠብቅ አይጠብቅ አይደለም፤ ይህ ጥበቃ ነው ወይ ነው። ዕቅዱ የታወጀበት ዓመት ራሱ የጀልባ ስደተኛው ቁጥር ከምንጊዜውም የበለጠበት ሆነ። ደጋፊዎቹ “አውሮፕላኑ አንዴ ቢነሳ ኖሮ ታዩ ነበር፤ አውስትራሊያን እዩ” ይላሉ። እሺ፣ እንያት። አውስትራሊያ ናኡሩና ማኑስ ደሴቶች ላይ ስደተኛ ዳግም ማጎር የጀመረችው በ2012 ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት የመጣው ጀልባ ከቀድሞው ይበልጥ ነበር። ጀልባው የቆመው ከ2013 መጨረሻ በኋላ ባሕር ኃይሏ ወደ ኢንዶኔዥያ መመለስ ሲጀምር ነው። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ጀልባ ለመመለስ የሚያስፈልገው የፓሪስ ፈቃድ ነው፤ እሱን ደግሞ ኪጋሊ አትሸጥም።

ይልቅ በ2023 ቁጥሩ ወደ 29 ሺሕ ሲወርድ ምን እንደሠራ ማየት ይጠቅማል። ከ12 ሺሕ በላይ የነበሩት አልባኒያውያን ከአንድ ሺሕ በታች ወረዱ፤ ከአልባኒያ መንግሥት ጋር የመመለሻ ስምምነት ተደርጎ፣ ጉዳያቸው በፍጥነት እየታየ፣ የማይገባው በአውሮፕላን ወደ ቤቱ ስለተላከ። ፋይል ማየት ማለት ነው። ይኼ ግን ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ አያምርም። ስለዚህ በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ የጀልባ ስደተኛ ጥያቄ ጨርሶ እንዳይታይ ከለከለ፤ ሰዎቹ መንግሥት እየከፈለላቸው ሆቴል ተቀመጡ፣ መራጩም ስለ ሆቴሉ ተቆጣ፣ ፖለቲከኛውም የመራጩን ቁጣ ይዞ ወደ ሩዋንዳ ሮጠ።

የሩዋንዳው መንገድ አዲስ ግኝት እንዳይመስለን። እስራኤል ከ2013 ጀምሮ ኤርትራውያንና ሱዳናውያንን 3,500 ዶላር እያስያዘች “በፈቃዳቸው” ወደ ሩዋንዳና ኡጋንዳ ትሸኝ ነበር። ኪጋሊ የደረሱት ብዙዎቹ ሰነዳቸውን ተነጥቀው በድብቅ ወደ ኡጋንዳ ተሻገሩ፤ አንዳንዶቹም በሊቢያ አድርገው ባሕር ተሻግረው ወደ አውሮፓ አቀኑ። የለንደን ዳኞች ይህንንም በፍርዳቸው ጠቅሰውታል። ጣሊያንም በኦክቶበር 2024 የመጀመሪያዎቹን 16 ሰዎች አልባኒያ ውስጥ ወዳቆመችው የጥገኝነት ጠያቂዎች ማዕከል ልካ ፍርድ ቤት አብዛኞቹን ሲያስመልስባት፣ ካቢኔዋ በቀናት ውስጥ 19 አገሮችን በዝርዝር ደህና ናቸው ብሎ ደነገገ። እኛም በአዋጅ ነገር አንታማም። መንግሥታችን በ2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ አረብ አገር መሄድን አግዶ፣ እገዳው የተነሳው ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ከመቶ ሺሕ በላይ ሰው ወደ የመን ተሻገረ፤ አብዛኛው የኛው ሰው ነበር። የእገዳው ትልቁ ተጠቃሚ ደላላው ሆነ።

“ታዲያ በሕጋዊ መንገድ አይመጡም ወይ?” ለሚሉ መልሱ አጭር ነው፦ ለአብዛኛው ስደተኛ መንገዱ የለም። ብሪታኒያን ጥገኝነት ለመጠየቅ ብሪታኒያ ምድር ላይ መቆም ግድ ነው፤ ለዚያ ተብሎ የሚሰጥ ቪዛ ደግሞ የለም። ኤርትራዊው በጀልባ ሲደርስ ሕገ ወጥ ይባላል፤ ማመልከቻው ሲታይ ግን ከአንዳንድ ጉዳዮች በቀር ይፈቀድለታል፤ ያው መንግሥት ራሱ ስደተኛ ነህ ብሎ ይፈርምለታል። በ2024 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የሌበሩ ስታርመር የሩዋንዳውን ዕቅድ ሥልጣን በያዙ ማግስት ሰርዘዋል፣ ጀልባው ግን አልቀረም፤ በ2025 ከ40 ሺሕ በላይ ሰው ገብቷል። ዕቅዱ ቢኖርም ቢሰረዝም ጀልባው የሚመጣው የሚያመጣው ምክንያት ስላልተነካ ነው። ጦርነት ሸሽተው ብሪታኒያ የገቡ ዩክሬናውያን ከ200 ሺሕ ይበልጣሉ፤ ፎርም ሞልተው፣ ቪዛ ተቀብለው፣ በአውሮፕላንና በባቡር ነው የመጡት። የጎማ ጀልባ የገዛላቸው ደላላ አልነበረም። የአስመራውና የካርቱሙ ሰው የሚሞላው ፎርም እስካሁን አልታተመም።