«አይል ኮል ዩ»

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ያስተማሩን ህንዳዊ መምህር ቀልድ አያውቁም ነበር። «አይ» ሲቀድም «ሻል» ተራ የወደፊት ነገር ነው፤ «ዊል» ግን ቃል መግባት ነው። «ዩ» እና «ሂ» ላይ ሲደርስ ይገለበጣል። ያደባለቀ ጣቱ በማስመሪያ ይነረታል። በስተርጅና ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አመጣችኝ። ለካ ያ ሁሉ ጣት ያበጠለት «ሻል» እዚህ አገር ከአፍ ከጠፋ ቆይቷል!

የዚሁ አገር ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር በ1942 እ.ኤ.አ. ከፊሊፒንስ ወጥቶ አውስትራሊያ ሲደርስ «አይ ሻል ሪተርን» አለ። በመምህራችን ሕግ ይሄ ቃል ኪዳን እንኳ አይደለም። ሰውዬው ግን በ1944 ተመለሰ። ዛሬ ሻሉንም ዊሉንም ጨፍልቀው «አይል» አድርገውታል። «አይል ኮል ዩ!» ይለኛል አንዱ ቁጥሬን ጽፎ። እውነትም ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አይል! ስልኬን ታቅፌ ስጠብቅ ልጄ «አባዬ፣ ደህና ዋል ማለቱ እኮ ነው» ትለኛለች። ታዲያ ደህና ዋል ለማለት ቁጥሬን ምን አስጻፈው?

ግብዣቸውማ አይነሳ። «ውድ ዩ ላይክ ሳም ኮፊ?» አለችኝ አንዷ። በሰዋስው ከሄድን የጥያቄ ወጉ «ኤኒ» ነው፤ «ሳም» የሚገባው አዎ የሚል መልስ ሲጠበቅ ነው። ይህን አውቄ ተማመንኩና እንደ ወጋችን «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩ፤ ሁለተኛውን ልመና ልጠብቅ። «ኦኬ!» ብላ ማሽኑን አጠፋችው። በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ! አዎ ካልጠበቀች «ሳም» ለምን አለች?

«ሌት ሚ ኖው ኢፍ ዩ ኒድ ኤኒቲንግ» የሚል ጎረቤትም ነበረኝ። የልቡን መስሎኝ «እንግዲያው እሁድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን አድርሰኝ» አልኩት። ሐሰት አልናገርም፣ አድርሶኛል፤ መንገዱን ሙሉ ዝም ብሎ። ከዚያ ወዲህ «ሃቭ ኤ ጉድ ዴይ» ብቻ ሆነ ሰላምታው። «ካን አይ ሄልፕ ዩ?» የሚሉትስ! ሱቅ ውስጥ ከሆነ ምን ልታዘዝ ነው። በሰው አጥር ሥር አረፍ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ ሲሉኝ ግን «ምን ትሠራለህ እዚህ? ተነስ!» ነው። ልርዳህ እያሉ ሰው ማባረርን ከየት ተማሩት?

የእኛም ሰው ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ገና ጫማውን ሳያስር «መጣሁ» ይላል። ይዋሽ፣ ግን ቢያንስ በኃላፊ ጊዜ ነው የሚዋሸው፤ ድፍረት ይጠይቃል። ድሮማ ቃል የሚገባ ሰው «ምኒልክ ይሙት» ብሎ በንጉሥ ይምል፣ ዋስም ይጠራ ነበር። «አይል» ዋስ አለው?

ከሁሉ ያናደደኝ የራሳችን ልጆች ይህንኑ አመል አማርኛ ማልበሳቸው ነው። «አባባ፣ የሚያስፈልግዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ እሺ?» ይሉና ሊፍት ውስጥ ይገባሉ። እሺ፣ ይኸው ልንገራችሁ። «አንድ ቀን እንገናኝ» ስትሉኝ ቀኑን ጥሩልኝ። መኪና እንደሌለኝ አትርሱ፤ ማን መጥቶ እንደሚወስደኝም ጨምሩበት። ቡና ስታቀርቡልኝ «ይቅርብኝ» ካልኩ ደግማችሁ ጠይቁኝ። ስኳር አላስገባበትም።