ወንበሩስ የእውነት ነው

ሬስሊንግ በሚታይበት ቤት ሁሉ «ይሄ እኮ ውሸት ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ኮዬ ፈጬም አለ። ኮንዶሚኒየሙ ግራውንድ ላይ ከተከፈቱት ዲኤስቲቪ ቤቶች በአንዱ፣ በሩ አጠገብ፣ ግማሽ ፊቱን ወደ ስክሪኑ ግማሹን ወደ ባጃጆቹ መልሶ ይቀመጣል። 130 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከገመዱ ላይ ዘሎ ሌላው ላይ እስኪወድቅ ይጠብቅና ያን ጊዜ ይናገራታል፤ አነጋገሩም ታላቅ ምስጢር ያወጣ ሰው አነጋገር ነው። ከተናገረ በኋላ ግን አይሄድም። ቀበቶው ማን ወገብ ላይ እንደዋለ ሳያረጋግጥ ሻዩን አይጨርስም። ሙግቴ ከዚህ ሰው ጋር ነው። ያለው ነገር ሐሰት ስለሆነ አይደለም፤ ክሱን ያቀረበው ለማይመለከተው ችሎት ስለሆነ ነው። ሬስሊንግን በኳስ ሚዛን አስቀምጦ ጎደለብኝ ይላል። ብሔራዊ ቴአትር በር ላይ ቆሞ «ንጉሡ እኮ የእውነት አልሞተም፤ ገንዘቤን መልሱ» የሚል ተመልካች ቢገኝ ምን ብለን እንደምንሸኘው ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ሲጀመር የተደበቀ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የሬስሊንጉ ኩባንያ፣ የዛሬው ደብሊው ደብሊው ኢ፣ የያኔው ደብሊው ደብሊው ኤፍ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት የሚያሳየው መዝናኛ እንጂ ውድድር እንዳልሆነ በገዛ አንደበቱ ተናግሯል። ሕሊናው ወቅሶት አይደለም፤ ቦክስ ላይ የሚጣለው ቁጥጥርና ግብር እንዲነሳለት ፈልጎ ነው። ከግብር ለማምለጥ ሲባል እውነት የተነገረበት ሌላ አጋጣሚ ካለ ቢነገረኝ ደስ ይለኛል። «ሮው» የተባለው ሳምንታዊ ዝግጅት ደግሞ የጀመረው ከዚህ ኑዛዜ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1993 ነው። «ሰው ለሰው» ድራማ እንኳ አንድ ቀን አልቋል፤ ይሄ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰኞ ሰኞ እየመጣ ቆይቶ በ2025 መጀመሪያ ኔትፍሊክስ ገባ። አሜሪካ ሰኞ ማታ ሲጀምር እዚህ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ኮዬ ፈጬ ላይ የሚታየው ድጋሚው ነው፤ ማን እንደረታ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ በቲክቶክ ታይቶ አልቋል። ያም ሆኖ ማታ ቤቱ ይሞላል። ውጤቱ የታወቀ የኳስ ግጥሚያ በድጋሚ ሲታይ አስተናጋጁ እንኳ ጀርባውን ይሰጠዋል። ውጤቱን እያወቀ የሚመጣ ሰው የመጣው ውጤት ፍለጋ እንዳልሆነ ለመረዳት ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ማስረጃ ድምፁ ነው። ኳስ ባለበት ቀን ድምፁ የኳሱ ነው፤ ሬስሊንጉ ጥግ ላይ ባለችው ትንሿ ቴሌቪዥን ዝም ብሎ ይታያል። ቢከፈትለትም ያን ያህል አይጠቅምም። ተንታኙ በእንግሊዝኛ፣ በዲሽ ከሆነም በአረብኛ ይጮሃል፤ ተመልካቹ ገሚሱ በአማርኛ ገሚሱ በኦሮምኛ ይወራረዳል። ሆኖም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማን አክተር፣ ማን ክፉ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ክፉው ገና ሲገባ አንድ ሕፃን የዘረጋለትን እጅ ገላምጦ ያልፋል። ሲመታ ተንበርክኮ ይለምናል፤ አክተሩ ራርቶለት ቀና ሲል ጣቱን ዓይኑ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ግብረ አበሩ ሪንጉ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ዳኛውን ያናግራል፤ ዳኛው ይዞራል። በዞረባት ቅጽበት ተጣጣፊው የብረት ወንበር ከሪንጉ ስር ይወጣና የአክተሩ ጀርባ ላይ ያርፋል። ዳኛው ሲመለስ ወንበሩ የለም፤ ክፉው ሁለት እጁን ዘርግቶ «እኔ ምን አደረግሁ?» በሚል ፊት ቆሟል። ያን ጊዜ ቤቱ ብድግ ይላል። «ዞር በል! ኋላህን እይ!» እያለ የሚጮኸው ድምፅ በሌለው ቴሌቪዥን ላይ፣ ትናንት በተቀረጸ ዳኛ ላይ ነው። ዳኛ በዋናው ሰዓት ለምን ፊቱን እንደሚያዞር ደግሞ፣ ለአንድ ማህተም ቢሮ ለቢሮ የዞረ ሰው አስተርጓሚ አይፈልግም። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ስለ ትግል ትርዒት ጽፎ ነበር። ነገሩ ስፖርት ሳይሆን ትርዒት መሆኑን፣ ተመልካቹም ፍልሚያው አስቀድሞ የተነጋገሩበት ይሁን አይሁን ግድ እንደማይሰጠው፣ የሚፈልገውም ስቃይንና ፍትሕን ፊት ለፊት ማየት መሆኑን ተከራክሯል። ባርት ፓሪስ ተቀምጦ የደረሰበትን የእኛ ሰው ድምፁ በተዘጋ ስክሪን ፊት ደርሶበታል።

እንግዲህ ቴአትር ከሆነ እንደ ቴአትር ይገምገም። የዝግጅቱ ትልቁ ችግር ቡጢው ሳይሆን ወሬው ነው። አንዱ ማይክ ይዞ ይገባና ሃያ ደቂቃ ያወራል፤ ሌላው በሙዚቃ ታጅቦ ይመጣና ይመልስለታል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ያቋርጣል። እስካሁን ማንም ማንንም አልነካም። ስብሰባ የሰለቸው ሰው ይሄን ከፍሎ የሚያይበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለተኛው ችግር መርሳት ነው። ጆን ሲና ሃያ ዓመት ገደማ የልጆች አክተር ሆኖ ከኖረ በኋላ በማርች 2025 ቶሮንቶ ላይ በድንገት ክፉ ሆነ። የማይታሰብ ነገር ነበር፤ ዓለም ተንጫጫ። ጸሐፊዎቹ ግን ክፋቱን ምን ላይ እንደሚያውሉት ሳያውቁ ቀሩና በዚያው ዓመት በጋ ላይ በቂ ምክንያት ሳይሰጡ መልሰው ጥሩ አደረጉት። ይሄ ነው የሚያስከስሰው። በአንጻሩ ታሪክ ሲጠራቀም ምን ጉልበት እንዳለው ያየነው በአንደርቴከር ነው። በዓመታዊው ትልቁ መድረክ፣ ሬስልማኒያ ላይ፣ 21 ጊዜ ሳይሸነፍ ቆይቶ በኤፕሪል 2014 ኒው ኦርሊንስ ላይ በብሮክ ሌስናር ተሸነፈ። ስታዲየም የሞላው ሕዝብ አፉን ከፍቶ ዝም አለ። ውጤቱ በወረቀት ተጽፎ የተሰጠ መሆኑን የማያውቅ አንድም አዋቂ እዚያ አልነበረም። ያሳዘናቸው ማን እንደወሰነው ሳይሆን የተወሰነው ነገር ነው።

«አይጎዱም እኮ፤ ለማስመሰል ነው» የሚለው ቀጣዩ መከራከሪያ ውሃ አያነሳም። ሪንጉ ማለት የብረት ማዕቀፍ ላይ የተደረደረ ጣውላ፣ በላዩ ስስ ስፖንጅ፣ በላዩ ሸራ ነው። ሚክ ፎሊ በ1998 ፒትስበርግ ላይ ከአምስት ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የብረት ቀፎ ጣሪያ ተወርውሮ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ፣ መወርወሩ ስምምነት ነበር፤ የመሬት ስበት ግን ስምምነቱን አልፈረመም። ኦወን ሃርት በሜይ 1999 ካንሳስ ሲቲ ላይ ከጣሪያ በገመድ እየወረደ ሊገባ ሲል ወድቆ ሞተ፤ ፍልሚያው ገና አልተጀመረም ነበር። ቢግ ኢ በማርች 2022 ለአንድ ሺህኛ ጊዜ የተለማመዱት ዓይነት ውርወራ ላይ አንገቱ ተሰበረ። የሚያሸንፈው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የሚሰበረው አይታወቅም።

ውሸት ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ በኮንዶሚኒየም ሰፈር ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የ25,791 ቤቶች ዕጣ በይፋ ወጣ። በቀናት ውስጥ የዕጣው መረጃ ተነካክቶ መገኘቱ ተነገረና ከተማ አስተዳደሩ ራሱ ዕጣውን ሰረዘው። ከዚያም በፊት፣ የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ከወጡት 51,229 ቤቶች መካከል የኮዬ ፈጬዎቹ ነበሩበት፤ የዕድለኞቹ ስም ተጠራ፣ ወዲያው ደግሞ መሬቱ የማን ነው የሚል ከባድ ክርክር ተነሳ። ከእርሻው የተነሳው ገበሬም፣ ቆጥቦ ስሙ የወጣለትም ሰው፣ እጁ ወደ ላይ የተነሳ አሸናፊ ሁሉ ቀበቶውን ይዞ እንደማይሄድ ከዚያ ወዲህ ሬስሊንግ ሳያይም ያውቃል። ሬስሊንግ ቢያንስ የተዘጋጀ ነው ብሎ ይጀምራል። የተዘጋጀውን ያልተዘጋጀ ነው ብሎ ማቅረብ ነው ውሸቱ፤ በር አጠገብ ያለው ወዳጃችን ጣቱን የቀሰረው ከሁሉም በላይ በተናዘዘው ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው የወላጆችን ተቃውሞ ነው። አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ታናሽ ወንድሙን በራሱ የሚተክል ልጅ ያለበት ብሎክ ብዙ ነው፤ የታችኛው ጎረቤትም በኮርኒሱ በኩል ውጤቱን ይከታተላል። «ይሄ ነገር ልጆች ያበላሻል» ለሚሉት በቀልድ የምመልሰው፣ የያኔው የኩባንያው ባለቤት ሚስት ሊንዳ ማክማሃን በ2001 ሬስልማኒያ ላይ ከተሽከርካሪ ወንበር ተነስተው ባላቸውን የማይነገር ቦታ ላይ በእርግጫ መምታታቸውን፣ በ2025 ደግሞ የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስትር መሆናቸውን ነው። የሾሟቸው ፕሬዝዳንት ትራምፕም በ2007 የዚያኑ ባል ጸጉር ሪንግ መሃል ላጭተዋል። ከቀልዱ ስንወጣ ግን፣ ልጁን አደጋ ላይ የሚጥለው አንዱ ነገር ያው «ውሸት እኮ ነው» የምትለዋ ቃል ናት። ውሸት ከሆነ አያምም፤ ካላመመ ወንድሜን ልወርውረው ይላል። የሚሻለው የሚወድቀው ሰውዬ መውደቅን ዓመታት እንደተማረ፣ ወርዋሪው የተወርዋሪውን አንገት እንደ ዓይኑ ብሌን እየጠበቀ እንደሚጥለው፣ ያም ሆኖ አንዳንዴ እንደማይሳካ መንገር ነው። የራሳችን ትግል እያለ ለምን የሰው ይታያል የሚሉም አሉ። የባህል ስፖርት ትግል ውድድር ነው፤ ዳኛውም አይዞርም። ሁለቱ አይነካኩም።

እኔ ቅሬታ ካለኝ ሌላ ቦታ ነው፤ ሲፈጥሩ በደንብ አይፈጥሩም። በ1980ዎቹ «ካማላ፣ የዩጋንዳው ግዙፍ» የሚሉት ነበር፤ ባዶ እግሩን፣ ደረቱና ሆዱ ላይ ኮከብና ጨረቃ ተስሎበት፣ ጦር ይዞ ይገባል፤ የኢዲ አሚን ጠባቂ ነበር ተብሎም ተወራለት። ሰውዬው ሚሲሲፒ የተወለደ ጄምስ ሃሪስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ2008 ደግሞ እውነተኛ አፍሪካዊ፣ ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን መጣላቸው፤ እሱን ጃማይካዊ ነው ብለው አስገቡት። በ2019 በሬስልማኒያ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ በአፍሪካ የተወለደ የመጀመሪያው ባለ ቀበቶ ሲባል ብዙ ሰው አለቀሰ፤ ኦክቶበር ላይ በዚያው በሌስናር 10 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቀበቶውን ተነጠቀ። በ2021 ካሊፎርኒያ የተወለደው አፖሎ ክሩስ በአንድ ጀንበር የናይጄሪያ ልዑል ሆነ፤ አነጋገሩ ተቀየረ፣ ጦር ተሰጠው፣ ኮማንደር አዚዝ የተባለ ግዙፍ ናይጄሪያዊ ጠባቂም ቆመለት፤ ጠባቂው የተወለደው ፖላንድ ነው። ልዑሉ ቀበቶ ያሸነፈውም «የናይጄሪያ ከበሮ ፍልሚያ» በሚባል፣ ናይጄሪያ ሰምታው በማታውቀው ሕግ ነው። በዚህ አካሄድ የእኛም ተራ መድረሱ አይቀርም። ኢትዮጵያዊው ተፋላሚ ሯጭ እንደሚሆን ከወዲሁ ይታወቀኛል፤ ቀጭን ቁምጣ ለብሶ ባላጋራው እስኪደክመው ሪንጉን ይዞረዋል፣ ፍልሚያውም የጀበና ይባላል፣ ጀበናውም ዳኛው ሲዞር ይሰበራል። ኮዬ ፈጬ ላይ ከሁሉ ቀድሞ «ይሄ እኮ ሐበሻ አይደለም!» ብሎ የሚጮኸው በር አጠገብ ያለው ሰውዬ ነው፤ በዚያች ቀን ብቻ እኔም ከጎኑ ቆሜ እጮኻለሁ።