ለባለሁለት ራሱ ስፒና ውዳሴ

መብራት በሄደ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የጎረቤቴ ጄኔሬተር ያጓራና ቤቱ ቦግ ይላል። እኛ ሻማ ስንፈልግ እሱ ዜና ያያል። ምስጢሩን ብጠይቀው አልደበቀኝም፤ ከመሳቢያ አውጥቶ አሳየኝ። በሁለቱም ጫፉ ስፒና የተገጠመለት ገመድ ነው። አንዱን ራስ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን የሳሎኑ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ አለቀ። ሶኬት መስጠት ብቻ ሳይሆን መቀበልም እንደሚችል ማን አስቦ ያውቃል?

እርግጥ ቼንጅ ኦቨር የሚባል ዕቃ አለ። እጀታው ወደ አንዱ ወገን ሲዞር ከቆጣሪው፣ ወደ ሌላው ሲዞር ከጄኔሬተሩ፣ መሃል ሲቆም ከማንም ጋር አይደለም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ላገናኝህ ቢሉት በጄ አይልም። ደህና ደህናው ደግሞ ፌዙ አልበቃው ብሎ ኒውትራሉንም አብሮ ይቆርጣል። ለእንዲህ ያለ ግትር ማን ብር ያወጣል? ኤሌክትሪሽያኑም መክሮታል፦ «ጋሼ፣ ምን ያደርግልዎታል? ብቻ ዋናውን ብሬከር ማጥፋት እንዳይረሱ!»

አይረሳም። በጨለማ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ እንግዳ ሳሎን አስቀምጦ፣ ኳሱ 80ኛው ደቂቃ ላይ ደርሶም አይረሳም። እሱ በሌለ ቀን ሠራተኛዋ አለች። እሷም አትረሳም፤ ማንም አልነገራትምና የምትረሳው ነገር የለም።

ምናልባት አንድ ቀን ቢረሳ ደግሞ ቸርነቱ ይገለጣል። የጄኔሬተሩ 220 ቮልት በቆጣሪው በኩል ሽቅብ ወደ ምሰሶው ይወጣል። ትራንስፎርመር ወገን አይለይም፤ ከላይ የመጣለትን 15 ሺህ ቮልት አውርዶ ለየቤቱ እንደሚያድል ሁሉ፣ ከታች የመጣውንም መልሶ ወደ ሺዎች ያሳድገዋል። እዚያ ላይ፣ መስመሩ ሞቷል ብሎ የተበጠሰ ሽቦ የሚቀጥል የሰው ልጅ ተሰቅሏል። የጎረቤቴ ስጦታ እጁ ድረስ ይሄድለታል።

መብራቱ ድንገት ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ሁለቱ ኃይሎች ፊት ለፊት ይላተማሉ፤ ጄኔሬተሩም ጭሶ ያርፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። ልጁ ስፒናውን ከሶኬቱ ቢነቅለውም ሁለቱ ራቁት ቀንዶች 220 ቮልታቸውን እንደያዙ ምንጣፉ ላይ ይጋደማሉ፤ ሳይንስ ገና በልጅነት! (ዝናብ ሲሆን ጎረቤቴ ጄኔሬተሩን ኮሪደር ያስገባዋል። እናቱ የከሰል ጭስ ይገድላል ብለው አሳድገውታል፤ ስለ ቤንዚን ጭስ ግን ያሉት ነገር የለም።)

በቀደም አንድ ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ወጥቶ አየን። መስመሩን በእጁ ከመንካቱ በፊት በረጅም ዘንግ ፈተሸው፤ ከዚያ ሽቦዎቹን እርስ በርስ አገናኝቶ ከመሬት ጋር አሰራቸው። መብራት ከሄደ እኮ ሁለት ሰዓት አልፎታል! ጎረቤቴ ገመዱን ክንዱ ላይ እንደጠቀለለ ሽቅብ እያየ ከልቡ አዘነ።

«ምን አድርገነው ነው እንዲህ የሚጠረጥረን?» አለኝ።