ማሞቂያ ለደሴ፣ ምክር ከኮምቦልቻ

የደሴ ሰው ለሳሎኑ ማሞቂያ ሲመርጥ የሚያማክረው የኮምቦልቻ ዘመዱን ነው፤ ብርድን በወሬ የሚያውቀውን። ዘመድም አያሳፍርም፦ «ቀዩ ያቃጥላል፣ የሚነፋው ይጮኻል፣ ባለ ዘይቱ ይሻላል» ይላል። ሻጩ ደግሞ ሦስቱም መብራት ቆጣቢ መሆናቸውን ይምላል። መሐላው ይቅርና፣ 2000 ዋት የተጻፈበት ሁሉ ዘይት ቢይዝም አየር ቢነፋም በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት በልቶ እኩል ሙቀት ይሰጣል። ልዩነቱ በጠባይ ነው። ቀዩ፣ ሽቦው ግሎ የሚቀላው፣ ፊትን ወዲያው ይጠብሳል፣ ጀርባን ለጦሳ ተራራ ነፋስ ይተዋል። የሚነፋው ክፍሉን ቶሎ ያሞቃል፣ ሲጠፋም ውለታውን ቶሎ ይረሳል። ባለ ዘይቱ ዘገምተኛ ነው፤ ግን መብራት ከሄደ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይሞቃል፤ ለእኛ መብራት የተፈጠረ ይመስላል። ከበሩ ሥር ድመት የምታልፍ ከሆነ ግን ሦስቱም የሚያሞቁት ጦሳን ነው።

«ከሰል ምን አለው?» የሚሉም አሉ። በተዘጋ ክፍል ሽታ የሌለው መርዙ ያስተኛል፤ አለመቀስቀሱ ነው ችግሩ።

ከሁሉ የሚያዋጣው ማሞቂያ ወደ 25 ኪሎሜትር ቁልቁል ይገኛል፦ ከደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ መውረድ። ዋት አይበላም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ቬንቲሌተር መምረጥ ይጀመራል።