8.5 ከ10

የድምፅ ዳኝነት ከባድ ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ ዳኛ ሆኖ አያውቅም። እኔ ሆኛለሁ። ዳንግላ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት በወላጆች ቀን የተማሪ ድምፃውያንን ሲያወዳድር ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ቀረ፤ ኮት ለብሼ ስለተገኘሁ ብቻ ተጎትቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሙያው ጆሮ እንደማይጠይቅ የገባኝ ገና በመጀመሪያው ዘፈን ነው። «ጎበዝ»፣ «ስሜት አለሽ»፣ «ጠንክረሽ ሥሪ»፣ «በርቺ» ካወቁ ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚናገር ዳኛ የምሳ ሰዓት ይገፋል።

ጠረጴዛችን ያማረ ነበር። ከ«ኢትዮጵያን አይዶል» እስከ «ፋና ላምሮት» በቴሌቪዥን ካየነው ሁሉ እኛ ዘንድ በደንብ የደረሰው ጠረጴዛውና የታሸገው ውኃ ነው።

ሦስተኛዋ ተወዳዳሪ የ11ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ኪቦርድ የሚመታው ልጅ ከእሷ በፊት ለዘፈነው ወንድ የያዘውን ቃና ሳይቀይር ጀመረላት። ዝቅ ብላ ስትይዘው ድምፅዋ ጠፋ፤ ከፍ አድርጋ ስትይዘው ደግሞ ጣራ ነካባት። አየር በሳበች ቁጥር ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ይደርሳል። ትንፋሹ ደረቷ ላይ ቀርቶ ወደ ሆዷ ስለማይወርድ ስንኙ ሳያልቅ እሱ ያልቅባታል፤ ቃሉን መሐል ላይ ሰብራ ትተነፍሳለች። «ጠ» ወይም «ቀ» ሲመጣማ አይጣል ነው። እነዚህ ፊደሎች እንደ ልማዳቸው ጉሮሮ ዘግተው የሚፈነዱ ናቸው፤ ዘፋኝ ቀለል አድርጎ ካላለፋቸው ዜማውን እዚያው ይቆርጡታል። እሷ ደግሞ እንደ ጥርስ ሕመም ነከሰቻቸው።

ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ማየት ነውር አይደለም፤ ነውሩ መናገሩ ነው። ለአምስት ደቂቃ ያህል ስለ ትንፋሽ ብነግራት፣ እጇን ሆዷ ላይ አስይዤ አንዴ በረጅሙ ባስተነፍሳት፣ ኪቦርዱን አንድ ሁለት ደረጃ አስቀይሬ ያንኑ ስንኝ ባስደግማት ሰው ምን ይለኛል? «ልጅቷን አሸማቀቃት!» ስለዚህ ሦስታችንም ተራ በተራ ገንቢ አስተያየት ሰጠን። ገንቢ የተባለው በከንቱ አይደለም፤ በልጅቷና በስህተቷ መካከል ግንብ ይገነባል፤ እስክታረጅ ድረስ አይገናኙም።

የመጀመሪያው ዳኛ የሐበሻ ቀሚሷን አደነቀ፤ ባህላችንን ስለጠበቀች አመሰገናት። ሁለተኛው ከባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ነው፤ ሙያተኛነቱ ከቃላቱ ያስታውቃል። «ፒችሽ ላይ ትንሽ ነገር አለ» አላት። ትንሿ ነገር የትኛው ስንኝ ላይ እንዳለች፣ ከፍ ብላ ይሁን ዝቅ ብላ የጠየቀው የለም፤ እሱም አልጨመረም። ቀጥሎ «አስቴር አወቀን ታስታውሺኛለሽ» አለና፣ ወዲያው «ግን ራስሽን ሁኚ» ብሎ ቋጨው። እኔ «በርቺ» አልኩ። ድምር ውጤት፣ 8.5 ከ10።

ቀጥሎ የወጣው ልጅ በአካባቢው ቋንቋ፣ በአዊኛ ዘፈነ። ያ እንግዳ ዳኛ ከአዊኛ አንዲት ቃል አያውቅም፤ ለ«ግጥምና መልእክት» የተያዘውን ነጥብ ግን ሙሉውን ሰጠው። ኋላ የተቀመጡት እናቶች አንድ ስንኝ ላይ ከት ብለው ሳቁ። አዊኛ ቃሉን ከፍና ዝቅ አድርገው የሚናገሩት ቋንቋ ነው፤ ዜማው ቃሉን ወደማይሄድበት ጎትቶት ኖሯል። በዚያን ቀን የተሰጠው ብቸኛ የሙያ አስተያየት ያ ሳቅ ነው። ነጥብ ግን አይያዝለትም። ልጁም 8.5 ወሰደ።

እዚህ ላይ የአዊ ሰው መተቸት አያውቅበትም የሚል ካለ ጥር 23 እንጅባራ ይምጣ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ማኅበር ነው፤ በዚያ ቀን ዓመታዊ በዓሉን ሊያይ የሚወጣው ሽማግሌ ሁሉ ደግሞ ያልተሾመ ዳኛ ነው። ጋላቢው ገና ሲያልፍ «ልጓሙን አጠበቅህበት!» ይባላል። «ኮርቻው ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ወገብህን አላላ!» ይባላል። ፈረሱ የቱ ጋ እንደተሳሳተ፣ ሰውየው የቱ ጋ እንደተሳሳተ ተለይቶ ይነገራል። የሚሸማቀቅ የለም፤ በሚቀጥለው ዙር ልጓሙ ላላ ብሎ ይታያል። የእንጅባራ የጥር ጠዋት ብርድ እንደሚታወቀው ነው፤ በዚያ ብርድ ፈረሱን ሳያሟሙቅ የሚጋልብ ሞኝ አይገኝም። የተማሪ ጉሮሮ ግን ከብርድ ቀጥታ ወደ መድረክ ይወጣል። ምን ይደረግ፣ ፈረስ በገንዘብ ነው የሚገዛው።

የዜማ ቤት የኔታማ ይባስ ጨካኝ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ተማሪው ከዜማው ምልክቶች አንዲት ርክርክ ከዘለለ ያስቆሙታል፤ ቅናቱን ድፋት ካደረገው ከላይ ያስጀምሩታል። «በርታ» የሚሉት ሲያሰናብቱት ነው። ዘመናዊው አሠራር ይህን ሁሉ ድካም ስላስቀረልን እኛ ከ«በርታ» እንጀምራለን፤ እዚያው ላይም እንጨርሳለን።

ውድድሩ አልቆ የምስክር ወረቀት ሲታደል ያቺ የ11ኛ ክፍል ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«ቲቸር፣ 1.5ቷ የቱ ጋ ነው የጎደለችው?»

ደብተሩን ተቀበልኳት። በትልቁ «በርቺ!» ብዬ ጻፍኩና ሥሩ ላይ ፈረምኩ። የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል። አነበበችው፤ ገጹን ገልብጣ ጀርባውንም አየች።

«እሺ ቲቸር... ግን የቱ ጋ?»

የታሸገውን ውኃ ከፍቼ ጠጣሁ።