ገማቹ ቀለም ቀቢ

በጥቁር ቀለም ብቻ የታተመ ኮድ የሚያነብልህ የለም። ቁልፍ ቃላቱን አረንጓዴ፣ በጥቅስ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ቀላ ያለ ስታደርገው ግን፣ ፕሮግራም ጽፈው የማያውቁት አለቃዬ ሳይቀሩ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «አሁን ገና ኮድ መሰለ!» ይላሉ። ኮዱ ትናንትም ያው ነበር፤ ከነስህተቱ።

ቀለሙን የሚቀባልኝ ፒግመንትስ ነው፤ ጌኦርግ ብራንድል በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፓይዘን ላይብረሪ። ከ500 የሚበልጡ ቋንቋዎችን ይቀባል። ለየቋንቋው ሌክሰር የሚሉት አለው፤ ኮዱን እየቆራረጠ «ይህ ቁጥር፣ ይህ ስም፣ ይህ ማስታወሻ» ይላል። ኮዱ ይሥራ አይሥራ ጉዳዩ አይደለም።

ከሁሉም የሚያስቀኝ የፒኤችፒው ሌክሰር ነው። የመክፈቻው ምልክት ካልቀደመ፣ ሰላም ሳትለው ወሬ እንደጀመርክበት የሰፈር ሽማግሌ፣ ኮድህን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። አንዲት ቃል እንኳ አይቀባልህም። አማላጇ «ስታርትኢንላይን» የምትባል አማራጭ ናት፤ «ትሩ» ስትላት ይታረቃል።

ሌክሰሮቹ ሁሉ የሚጋሩት አመል ደግሞ ጽዳት ነው። «ስትሪፕኤንኤል» ካልነኩት በቀር «ትሩ» ስለሆነ፣ ከኮዱ ራስና ግርጌ ያሉትን ባዶ መስመሮች ጠርጎ ይጥላል። ፋይልህ በሁለት ባዶ መስመሮች ይጀምር እንበል። ኮምፒውተሩ «12ኛው መስመር ላይ ስህተት አለ» ሲልህ፣ ወረቀቱ ላይ ጥፋተኛው 10ኛ ቁጥር ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ 12ኛው ላይ ያለው ምስኪን ያለ ኃጢአቱ ይመረመራል። አማራጩን «ፎልስ» ስታደርገው ፍርድ ይቃናል።

የቋንቋውን ስም ሳትነግረው «ገምት» ካልከው ደግሞ ሌክሰሮቹ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር «ይህ ኮድ የእኔ ነው» እያሉ ይጫረታሉ። ፐርልና ፕሮሎግ የፋይላቸው ቅጥያ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ስሙን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ውስጡን ገልጦ ማየት የግድ ነው። ተራ ጽሑፍ የሚባለው ሌክሰር 0.01 ብቻ ይዞ ጥግ ይቆማል። ሌሎቹ ሁሉ «አናውቀውም» ሲሉ እሱ ይረከብና ምንም ሳይቀባ ይመልስልሃል። ስለዚህ ተሳስቶ አያውቅም።

የፓይዘኑ ሌክሰር ደግሞ የማያውቀው ምልክት ሲገጥመው አያስመስልም። ፓይዘን በፊደላችን ስም ማውጣት ስለሚፈቅድ፣ «ደመወዝ» ብለህ የሰየምከው ያለ ችግር ያልፋል። የሰዋስው ልማድ ይዞህ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ካስቀመጥክ ግን፣ ነጥቢቱን በቀይ ሳጥን ከብቦ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ደመወዙ ላይ ቅሬታ የለውም።

ስብሰባችን ላይም ተናጋሪው ሁሉ አፉን ከመክፈቱ በፊት የእርግጠኝነቱን ቁጥር ቢናገር፣ ምሳ ሰዓት ባላለፈብን ነበር። 0.99 የሚሉት እንደሚበዙ ግን ከወዲሁ ይገባኛል።