የቀለም ገባሮች

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባለመሬቱንና ጭሰኛውን በአንድ ቀን አፋታቸው። ስንት ዘመን የኖረ ትዳር ነበር! ጭሰኛው ያርሳል፤ ባለመሬቱ ሲሶውን ወይም እርቦውን ይወስዳል፤ በዓል ሲደርስ ደግሞ ጭሰኛው መተያያውን ይዞ ደጅ ይጠናል። ሁሉም ቦታውን ያውቅ ነበር። ከፍቺው ወዲህ ግን ሰው በገንዘቡ የገዛው ነገር የራሱ ይመስለው ጀመር። ዕቃውን እንደልቡ መፍታት፣ መጠገን፣ ለጎረቤት ማዋስ፣ በርካሽ መለዋወጫ ማሰንበት ለመደ። ይህን የመሰለ ሥርዓት አልበኝነት ዝም ብሎ የሚያይ አምላክ የለም። እነሆ ትዳሩ እንደገና እየታሰረ ነው፤ ሽማግሌ ሆነው ያስታረቁን ደግሞ የፕሪንተር ፋብሪካዎች ናቸው። ምስጋና ሲያንሳቸው ነው።

የድሮው ሥርዓት አንድ ረቂቅ ነገር ገብቶት ነበር፤ ርስት ሌላ፣ ጉልት ሌላ። ርስት መሬቱን መያዝ ነው፤ ጉልት መሬቱን ከያዘው ሰው ላይ መብላት ነው። ባለጉልት ሞፈር ሳይነካ፣ በሬ ሳይጠምድ ይበላል። ዛሬ ሱቅ ገብቶ ፕሪንተር የሚገዛ ሰውም እንዲሁ ርስቱን ብቻ ይዞ ይወጣል። ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ መብራቱን ይከፍላል፣ ወረቀቱን ያጎርሳል፣ አቧራውን ያብሳል፤ ቢሰበርም የተሰበረው የእሱ ነው። ነገሩ ቀለሙ ጋ ሲደርስ ግን ጉልቱ የሌላ መሆኑን ያኔ ይረዳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ለዚህ ዘመን ትንሽ መታደስ ይኖርበታል። ላሟ ከሰማይ ወርዳ እቤታችን ገብታለች፤ ስናልባት ብቻ ነው ፈቃድ የምትጠይቀን።

ፈቃዱን የሚሰጠውን ሹም ለማየት አንድ የቀለም ካርትሪጅ በእጅ ይዞ ማገላበጥ ይበቃል። ነገሩ የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሆዱ ቀለም የጠጣ ስፖንጅ አለ፤ ከታች ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው። ይህ ሁሉ ለማተም በቂ ነው። በአንድ ጎኑ ግን ከጥፍር የማትበልጥ፣ ወርቃማ ነጠብጣቦች የተደረደሩባት ቺፕ ተለጥፋለች። ምስለኔያችን ይህች ናት። ካርትሪጁ ሲገባ ፕሪንተሩ እሷን ዘርሽን ቁጠሪ ይላታል፤ የማን ልጅ ነሽ፣ የት ተወለድሽ፣ ከዚህ በፊት ለማን አደርሽ? መልሱ ካላማረው የቀለሙን ጥራት አይመረምርም፤ በቀጥታ አላትምም ይላል። ብዙ ማሽኖች ደግሞ የቀለሙን ማለቅ የሚያውቁት ሣጥኑ ውስጥ አይተው አይደለም፤ የተረጩትን ጠብታዎች በግምት ቆጥረው ነው። ቆጠራው ሲሞላ፣ ስፖንጁ ገና እርጥብ ቢሆንም፣ አልቋል ተብሎ ይታወጃል። ጥቁር ጽሑፍ ብቻ ለማተም የፈለገ ሰው ቢጫው ስላለቀ ሲከለከል የሚያጋጥመው ግራ መጋባት ያልሠለጠነ ሰው ግራ መጋባት ነው። ግብር በዓይነት እንደሚከፈል ረስቶታል፤ ጤፍ ሞልቶ ማር ቢጎድል ባላባት ዝም ይል ነበር እንዴ?

የዚህ ሥርዓት ታላቅ ቀን መስከረም 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። እኛ እንቁጣጣሽን ባከበርን በሦስተኛው ቀን፣ በተለያዩ የዓለም ማዕዘናት የሚገኙ የኤችፒ ፕሪንተሮች ሌላ ኩባንያ የሠራውን ካርትሪጅ አንቀበልም አሉ። እስከ ዋዜማው ድረስ ያትሙበት የነበረ ካርትሪጅ ነው። የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ ኤችፒ በኢንተርኔት በላከው አፕዴት ውስጥ ከልካዩ ትእዛዝ ተቀብሮ ቀኑን ይጠብቅ ነበር። ስሙም ደስ የሚል ነው፤ «ዳይናሚክ ሴኩሪቲ»፣ ተለዋዋጭ ጥበቃ ማለት ነው። ጫጫታው ሲበዛ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታው ግን ስለ ክልከላው ሳይሆን ክልከላውን ደኅና አድርጎ ስላለማስረዳቱ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የተነሣው የጋራ ክስ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። የኢጣሊያ የውድድር ባለሥልጣን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ኩባንያውን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ ገዢዎች ገደቡ በግልጽ አልተነገራቸውም፣ ምን ዓይነት ካርትሪጅ እንደሚጠቀሙም ሳያውቁት ይመዘገብባቸው ነበር ሲል። ክፉ ምቀኛ እንጂ ሌላ ይህን ስለላ አይለውም። ባላባት የጭሰኛውን አውድማ ሳይቆጥር ምን ባላባት ይሆናል?

የሥርዓቱ ጠቢባን ግን ሐሳባቸውን አልደበቁም። የኤችፒ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ኤንሪኬ ሎሬስ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ለሲኤንቢሲ ቴሌቪዥን ሲናገሩ ፕሪንተር የገዛ ደንበኛ ለኩባንያው መዋዕለ ንዋይ መሆኑን፣ በቂ ያላተመ ወይም የእነሱን ቀለም ያልተጠቀመ ደንበኛ ደግሞ የከሰረ መዋዕለ ንዋይ መሆኑን አስረድተዋል፤ የረጅም ጊዜ ግባቸውም ኅትመትን በየወሩ የሚከፈልበት አገልግሎት ማድረግ እንደሆነ ገልጸዋል። ገንዘብ አውጥቶ ዕቃ የገዛው ሰው ነው፤ መዋዕለ ንዋይ የሆነውም እሱ ራሱ ነው። ከወር በኋላ ኩባንያው በአሜሪካ ገበያ ፕሪንተሩን ጭምር የሚያከራይ ውል አቀረበ። ውሉ ሲወጣ ትንሹ ክፍያ በወር 6.99 ዶላር ሲሆን በዚህ የሚታተመው 20 ገጽ ነበር፤ ውሉ የሁለት ዓመት ነበር፤ ማሽኑም ከኢንተርኔት መለያየት አልነበረበትም። በ24 ወር 167.76 ዶላር ለ480 ገጽ፣ በአንድ ገጽ 35 ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅም ማሽኑ የደንበኛው አይደለም። እውነት ለመናገር ከሁሉም ውል ሐቀኛው ይህ ነው፤ ጭሰኛውን ባለርስት ነህ ብሎ አያታልለውም።

ተቃዋሚ አይጠፋምና ለሥርዓቱ የሚቀርበውን መከላከያ በአግባቡ እንስማ። የመጀመሪያው ደኅንነት ነው። ከማይታወቅ ፋብሪካ የመጣ ካርትሪጅ በቺፑ በኩል ቫይረስ ሊያስገባ ይችላል ይላሉ። ይቻላል እንበል። ታዲያ ቫይረሱ የሚገባው በቺፑ ከሆነ ቺፑን ማን አስገባው? ቀለም ብቻ የያዘ ሣጥን ኮምፒውተር አይበክልም። በሩን ራሱ ከፍቶ፣ በሩ ክፍት ስለሆነ ዘበኛ ያስፈልጋችኋል፣ የዘበኛውን ደመወዝ ክፈሉ የሚል ጌታ ብልህ ጌታ ነው። ሁለተኛው መከላከያ ጥራት ነው። ቺፕ የሌለው ወይም ዘሩ ያልታወቀ ካርትሪጅ ኅትመቱን ያበላሻል ይሉናል። ይህንን የመለሰው ግን አመፀኛ ገዢ ሳይሆን ፕሪንተር አምራቹ ካኖን ራሱ ነው። የዓለም የቺፕ እጥረት በበረታበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ፣ ካኖን ለአንዳንድ የቢሮ ማሽኖቹ ቺፕ የሌለው ቶነር፣ ማለትም የዱቄት ቀለም፣ ለመላክ ተገደደ። ማሽኖቹም እንደተማሩት የገዛ አባታቸውን ልጅ ዲቃላ ነህ ብለው ማስጠንቀቂያ አወጡ። ካኖን በጀርመን ለደንበኞቹ ማስጠንቀቂያውን እንዴት አልፈው እንደሚያትሙ አስተማረ፤ የቀረውን ቶነር መጠን ማወቅ ቢያስቸግርም የኅትመቱ ጥራት እንደማይጎዳ ጨምሮ ነገራቸው። ምስለኔዋ ታማ ከሥራ ቀረች፤ እርሻው ግን እንደወትሮው አፈራ። ባላባቶች በሕዝብ ፊት የማይናገሩትን እውነት አንድ ጊዜ ችግር አናገራቸው።

ሦስተኛው መከላከያ ከሁሉም ይከብዳል። ማሽኑን እኮ በኪሳራ ነው የሚሸጡላችሁ፤ ትርፋቸውን ከቀለሙ ካላገኙ ፕሪንተሩ ራሱ ይወደድባችኋል ይባላል። እርግጥ ነው፤ ርካሽ ማሽንና ውድ ቀለም የቆየ የንግድ ዘዴ ነው፤ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ ዋጋው የሚገለጥበት ሰዓት ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ሁለት ፕሪንተሮችን ለማወዳደር የሚያስችል ብቸኛ ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል የሚመጣው ገዢው መመለስ በማይችልበት ጊዜ ነው። ስምምነቱ ለሁለቱም የሚጠቅም ፍትሐዊ ውል ከሆነ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ ይህ ማሽን ከእኛ ቀለም በቀር አይቀበልም፣ አንድ ገጽ ይህን ያህል ያስወጣል፣ ነገ የምንልከው አፕዴት ዛሬ የሚሠራውን ሊከለክል ይችላል ተብሎ። ይህን አንብቦ የሚገዛ ሰው ይግዛ። ባለመሬቱም እኮ መሬቱን በነፃ ሰጠሁ እያለ ነበር የሚያሳርሰው፤ ሲሶው የሚታወሰው ምርቱ ተወቅቶ አውድማ ላይ ሲከመር ነው።

ካልተስማማህ አትግዛ የሚለው የመጨረሻው መልስ ነው፤ አንጀት የሚያርሰውም እሱ ነው። እንዲያው ሰው ቀለማቸውን ሳይገዛ ሲቀር ምን እንደሚሆን ግን ታይቷል። በኢንዶኔዥያና በመሰሎቿ አገሮች ሰዎች የኤፕሰን ማሽኖችን ጎን በስተው፣ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ከውጭ በተንጠለጠለ ጠርሙስ ቀለም ያጠጧቸው ነበር። ኩባንያው ይህን አመፅ በቺፕ ጨርሶ ሊያጠፋው አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያው በኢንዶኔዥያ በጠርሙስ ቀለም የሚሞላ ባለጋን ፕሪንተር ራሱ አወጣ። ማሽኑ ሲገዛ ውድ ነው፣ ገጹ ግን ርካሽ ነው፤ ገዢውም የሚገዛውን ያውቃል። ያን ማሽን ያስወለዱት በመገለጥ የተመሩ መሐንዲሶች ሳይሆኑ የቱቦ ወንጀለኞቹ ናቸው። እኛም አገር ወንጀለኞቹ አሉ። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ በጀርባ በኩል የሚያይ ሰው በጋዜጣ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ጣቱ የጠቆረ ወጣት፣ በቀኝ እጁ መርፌ፣ በግራው ካርትሪጅ ይዞ ያገኘዋል። መርፌውን በቀዳዳው ሰድዶ ቀለሙን በቀስታ ይገፋል፤ ሞልቶ ሲተርፍ በሶፍት ያብሰዋል፤ ቺፑም ካስቸገረ በሌላ ይለውጣታል። በድሮው ቋንቋ ይህ ሰው ሽፍታ ነው። ጫካው ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ጠመንጃው መርፌ። ሰኔ ላይ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያሳትም ተማሪና ለፍርድ ቤት ማመልከቻ የሚያባዛ ባለጉዳይ የሚከፍሉት ዋጋ ልከኛ ሆኖ የሚቆየው በባላባቱ ቸርነት ሳይሆን በዚህ ሽፍታ ነው። በየወሩ የሚገበረው አዲሱ ውል ደግሞ እኛን ጭራሽ አይፈልገንም። በዶላር የሚከፍል የባንክ ካርድና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ብዙዎቻችን ሁለቱም የሉንም። ገባር ለመሆንም ደረጃ አለው ማለት ነው።

ሕግ ምን ይላል የሚል ካለ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ሌክስማርክ የተባለው ፕሪንተር አምራች በተከራከረበት ጉዳይ ተናግሯል። ሌክስማርክ አንዳንድ ካርትሪጆችን በቅናሽ ሲሸጥ፣ ገዢው እንዳይሞላቸውና ለእሱ ብቻ እንዲመልሳቸው ያስገድድ ነበር። ፍርድ ቤቱ ባለፓተንቱ ዕቃውን አንዴ ከሸጠ በኋላ በፓተንት መብቱ ሊያዝዝበት አይችልም አለ። ጥሩ ፍርድ ነው፤ ጉዳቱ ቺፕ ፍርድ አታነብም። ዳኛ የከለከለውን በአፕዴት መመለስ ይቻላል፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው አባባል አዲስ ቤት ያገኘው እዚያ ነው። ልማዱም ከፕሪንተር ወጥቷል። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2022 በአንዳንድ አገሮች መኪናው ውስጥ ተገጥሞ የተሸጠውን የመቀመጫ ማሞቂያ በወር ክፍያ አቀረበ፤ ገዢዎች ስላልወደዱለት በዓመቱ ተወው። አማዞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሰዎች ኪንድል ለተባለው የንባብ መሣሪያው ከፍለው የገዟቸውን መጻሕፍት፣ አቅራቢው የማሳተም መብት አልነበረውም ብሎ፣ ከያሉበት አጠፋባቸው፤ ገንዘባቸውን ግን መልሷል። ከጠፉት መጻሕፍት አንዱ የጆርጅ ኦርዌል «1984» ነበር። ሽሙጥ ጸሐፊ ይህን ቢፈጥረው አበዛኸው ይባል ነበር።

እንግዲህ እንደ ታማኝ ገባር አንዲት ልመና ብቻ ይፈቀድልን። ጉልቱ ይቅር አንልም፤ ድፍረት ይሆንብናል። ካርቶኑ ላይ «ሽያጭ» የሚለው ቃል ይሰረዝልንና በምትኩ «ጭሰኝነት» ይጻፍልን፤ ደረሰኙም የግብር ደረሰኝ ይባል። ያን ጊዜ ገዢው ባንኮኒው ላይ ሳለ ባለሱቁን ቀለሙን ማነው የሚሞላው ብሎ ይጠይቃል። ባለሱቁ የሚመልሰው ካጣ፣ ገንዘቡ ገና በገዢው ኪስ ነው።